«ጉበት ተገኘበት» ማለት ምን ማለት ነው?

የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል

ጉበት የሌለው ሰው የለም። ይሁን እንጂ በከተማችን «እገሌ ጉበት ተገኘበት» የተባለ እንደ ሆነ፥ ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የተባለበትም ሰው የተሰጠችውን ቁራጭ ወረቀት አጥፎ በኪሱ ይሸሽጋል።

አንባቢ ሆይ! ይህች ወረቀት ለእርስዎም ልትደርስዎ ትችላለች። ደም ሊለግሱ ሲሄዱ፥ ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ፥ በቤትዎ ነፍሰ ጡር ኖራ የሕክምና ክትትል ስትጀምር፥ ወይም እኅትዎ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ስታደርግ፥ በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ደም ይቀዳል። ከሚመረመሩትም ነገሮች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ባንዲት ቃል ነው፤ «ፖዚቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ»። ያችን ቃል ይዞ አንዱ ሞቱን መጠበቅ ይጀምራል፤ ሌላው ደግሞ «እኔን ምንም አላመመኝም» ብሎ ወረቀቷን ይጥላታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስለምን እንደ ተሳሳቱ ለመረዳት ወረቀቷን ራሷን ማንበብ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዓይን የማያየው

አባቶቻችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንቱ ሲጠቁር ባዩ ጊዜ ሕመሙን «የወፍ በሽታ» ብለው ጠሩት፤ የሌሊት ወፍ ያመጣችው ነው ይባል ነበርና። ያዩት ምልክት እውነት ነው፤ ስለ ምክንያቱ የሚነገረው ግን ትክክል አይደለም። የዓይን ቢጫነት የብዙ ሕመሞች ምልክት ነው። ጉበትን በማጥቃት የሚታወቁት ቫይረሶችም ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲና ኢ እየተባሉ በፊደል የሚለዩ 5 ናቸው፤ ጠባያቸውም ሆነ የሚተላለፉበት መንገድ አንድ አይደለም።

ከዚህም በላይ ቢ የተባለውን ቫይረስ በደማቸው ይዘው ዓይናቸው አንድ ቀን እንኳ ቢጫ ሳይሆን፥ 20ና 30 ዓመት ሙሉ እየሠሩ የሚኖሩ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖሩ እንደ ነበርና በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእርሱ ምክንያት እንደ ሞቱ ገምቷል። አብዛኞቹ የሞቱት ቫይረሱ ውሎ አድሮ ባመጣው የጉበት መጠጠርና የጉበት ካንሰር ነው። ስለ አገራችንም በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር፥ ከተመረመሩት ከ100 ሰዎች በ7ቱ ገደማ ቫይረሱ መገኘቱን ያሳያል። እንግዲህ አንድ ሰፊ ቢሮ ወይም አንድ የመማሪያ ክፍል ቢታሰብ፥ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ካባውና ባለ ካባው

በ1960ዎቹ ዓመታት ባሩክ ብሉምበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ደም ሲያወዳድሩ፥ ከአንድ የአውስትራሊያ ቀደምት ተወላጅ በተወሰደ ደም ውስጥ ቀድሞ የማይታወቅ ነገር አገኙ። ስለ አገሩም ስም «የአውስትራሊያ አንቲጂን» አሉት። በኋላ ሲመረመር ይህ ነገር የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የውጭ ልብስ ሆኖ ተገኘ። ብሉምበርግ ስለዚህ ሥራቸው በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ የተወለዱበት ቀን ሐምሌ 28ም (ጁላይ 28) የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይከበራል። ዛሬ በወረቀትዎ ላይ በመጀመሪያው መሥመር «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» ተብሎ የሚጻፈው ያው እርሳቸው ያገኙት ነገር ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንዲቀል ቫይረሱን ካባ እንደ ደረበ ሌባ አድርገው ያስቡት። ከላይ ካባው አለ፤ በካባውም ውስጥ የተሸፈነው ገላው አለ። የተሟላ የደም ምርመራ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል።

1ኛ፤ ኤች ቢ ኤስ ኤጂ። ጥያቄው «ካባው አሁን በቤቱ ውስጥ ይታያልን?» የሚል ነው። ካባው ከታየ ሌባው በቤት ውስጥ አለ ማለት ነው።

2ኛ፤ አንታይ ኤች ቢ ኤስ። ጥያቄው «ሰውነት ካባውን አይቶ የሚለይ ዘበኛ አቁሟልን?» የሚል ነው። ይህ ዘበኛ በሕክምና ቋንቋ አንቲቦዲ ይባላል። መጠኑም በቁጥር ይጻፋል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው መከላከያ አለው ይባላል።

3ኛ፤ አንታይ ኤች ቢ ሲ። ጥያቄው «ሰውነት የሌባውን ገላ አይቶ ያውቃልን?» የሚል ነው። ይህ ምልክት የሚታየው ቫይረሱ ራሱ ገብቶበት በነበረ ወይም አሁን በገባበት ሰው ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከታየም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ይህኛው ግን ምስክር እንጂ ዘበኛ አይደለም፤ ያየውን ይናገራል እንጂ አይከላከልም።

ክትባት ማለትም ሌባው ሳይኖር ካባውን ብቻ ለሰውነት ማሳየት ነው። ስለዚህ የተከተበ ሰው ዘበኛው ይቆምለታል፤ ምስክሩ ግን የለውም፤ የሌባውን ገላ አላየምና።

ከዚህ የምንረዳው ታላቅ ነገር አለ። «ፖዚቲቭ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው መሥመር ላይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሁለተኛው መሥመር ላይ የምሥራች ነው፤ በሦስተኛው መሥመር ላይ ደግሞ ታሪክ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ፖዚቲቭ ተባልሁ» ሲልዎ ከሐዘን በፊት መጠየቅ የሚገባው «በየትኛው መሥመር?» ተብሎ ነው።

መሥመሮቹን አንድ ላይ ማንበብ

ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ፥ ቫይረሱ አላገኘዎትም፤ መከላከያ ግን የለዎትም። ይህ የደስታ ብቻ ሳይሆን የሥራም ወረቀት ነው፤ መከተብ ይገባዎታልና። የተለመደው የአዋቂ ክትባት 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ1 ወር፥ ሦስተኛው በ6 ወር። በአገራችን ሕፃናት በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት የሚወስዱት ባለ 5 ክትባት ይህን መከላከያ ይዞ የገባው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ በመደበኛው ክትባት አላገኘውም። አብዛኞቻችሁ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ከዚህ ክፍል ናችሁ።

ሁለተኛው መሥመር ብቻ ፖዚቲቭ ከሆነ፥ በክትባት የተገኘ መከላከያ አለዎት። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ክትባቱን ጨርሶ አንድ ጊዜ በሚገባ የተከላከለ ጤናማ ሰው ግን መከላከያው ለረጅም ዘመን ይጸናል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፖዚቲቭ፥ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ከሆነ፥ ቫይረሱ ገብቶ ነበር፤ ሰውነትዎም አሸንፎታል። አሁን ሕመምተኛም አስተላላፊም አይደሉም። ነገር ግን የቫይረሱ ቅሪት በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይኖራልና፥ ወደ ፊት የካንሰር ሕክምና ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ቢታዘዝልዎ ይህን ውጤት ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውና ሦስተኛው ፖዚቲቭ፥ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ከሆነ፥ ቫይረሱ አሁን በሰውነትዎ ውስጥ አለ። አዲስ ነው ወይስ የቆየ የሚለውን ግን ይህ ብቻውን አይወስነውም፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛው መሥመር ብቻ ፖዚቲቭ ከሆነ፥ ነገሩ አጠራጣሪ ነው። ድሮ ገብቶ የዳነ ሆኖ ዘበኛው በዘመን ብዛት ቀንሶ ይሆናል፤ ሰውየው በመዳን ላይ ሆኖ ካባው ጠፍቶ ዘበኛው ገና አልቆመ ይሆናል፤ ምርመራው ተሳስቶ ይሆናል፤ ወይም ጥቂት ቫይረስ ተሸሽጎ ይሆናል። ምርመራውን መድገምና ሐኪም ማማከር እንጂ መገመት አይጠቅምም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ደግሞ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የመጀመሪያውን መሥመር ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ «ኔጋቲቭ» ማለት መከላከያ አለ ማለት አይደለም። ከቫይረሱ ጋር ከተገናኙ በኋላም ካባው በደም ውስጥ እስኪታይ በአማካይ 4 ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ በማግሥቱ ተመርምሮ ኔጋቲቭ መሆን ነፃ ነኝ አያሰኝም። በአንጻሩ ክትባት የወሰደ ሰው እስከ 18 ቀን ድረስ በመጀመሪያው መሥመር ለጊዜው ፖዚቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ ራሱ ካባው ነውና።

የ6 ወር ጉዳይ

አሁን ቫይረሱ ወደ ተገኘበት ሰው እንመለስ። ሐኪም ከ6 ወር በኋላ ምርመራውን ያስደግማል። በዚያ ጊዜ ካባው ከጠፋ ሰውነት አሸንፏል፤ ካልጠፋ ቫይረሱ ሥር ሰድዷል ይባላል።

ማን ያሸንፋል? ይህን በብዛት የሚወስነው ቫይረሱ የገባበት ዕድሜ ነው። በአዋቂነታቸው ከተያዙ ከ100 ጤናማ ሰዎች ቫይረሱ ሥር የሚሰድባቸው ከ5 ያንሳሉ። በ1ና በ5 ዓመት ዕድሜ መካከል ከተያዙ ከ100 ሕፃናት ግን በ30 ያህሉ ሥር ይሰዳል። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከተያዙት ጨቅላዎችማ፥ ካልተከላከሉላቸው ከ100 በ90ው ይቀራል።

ይህን ስሌት ለትዳርዎና ለእጮኝነትዎ ሲሉ ልብ ይበሉት። በአጋጣሚ ተመርምሮ ሥር የሰደደ ቫይረስ የተገኘበት አዋቂ ሰው፥ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው በተወለደ ጊዜ ወይም በልጅነቱ ነው። ወረቀቷ ቫይረሱ አለ ትላለች እንጂ መቼና ከማን እንደ መጣ አትናገርም። ስለዚህ በዚህች ወረቀት ምክንያት «ከየት አመጣሽው?» «ከማን ያዝኸው?» ተባብሎ ቤት ማፍረስ፥ ያልተጻፈ ነገር ማንበብ ነው።

ይልቅስ የሚጠቅመው ሌላ ነው። እናት፥ ወንድምና እኅት፥ ባለቤትና ልጆች ይመርመሩ፤ ቫይረሱ የሌለባቸውና መከላከያ የሌላቸውም ይከተቡ። የተከተበና መከላከያው የቆመለት ባል ወይም ሚስት ከቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር በትዳር በሰላም ይኖራል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም ቫይረሱ ቢገኝባት በጊዜው ለሐኪም ትንገር። የቫይረሱ መጠን ከፍ ያለ እንደ ሆነ በእርግዝናዋ ወራት የምትወስደው መድኃኒትና፥ ለጨቅላው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ልጁን ይታደጉታል። ጡት ማጥባትም አይከለከልም።

ጉርሻ ይቅርን?

ቫይረሱ በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምላጭ፥ የጢም መላጫ፥ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ በጋራ አይደረግም። ባልተቀቀለ መሣሪያ ድድ መነቀስ፥ እንጥል ማስቆረጥና ግርዛትም የታወቁ መተላለፊያዎች ናቸው።

በአንድ ማዕድ መብላት፥ ጉርሻ፥ አንድ ብርጭቆ፥ መተቃቀፍ፥ መሳሳም፥ በአንድ ክፍል ማደር፥ በአንድ ጠረጴዛ መሥራት ግን አያስተላልፉም። ቫይረሱ የተገኘበትን ወንድሙን ሳህን የሚለይ ሰው ራሱን ከምንም አላዳነም፤ ወንድሙን ግን አቁስሎታል።

ሁለተኛዋ ወረቀት

የመጀመሪያዋ ወረቀት ቫይረሱ መኖሩን ትናገራለች፤ ጉበት መጎዳቱን ግን አትናገርም። ለዚህ ሌሎች ምርመራዎች አሉ። ኤ ኤል ቲ የተባለው የደም ምርመራ የጉበት ሕዋሶች እየቆሰሉ መሆናቸውን ያመለክታል። ኤች ቢ ቪ ዲ ኤን ኤ የተባለው የቫይረሱን ብዛት ይቆጥራል። ኤች ቢ ኢ ኤጂ የተባለው ቫይረሱ በብርቱ እየተባዛ መሆኑን ይጠቁማል። የደም ፕሌትሌት ቁጥርና አልትራሳውንድም ጉበቱ ጠባሳ መያዙን ለመገመት ይረዳሉ።

በዚህች በሁለተኛዋ ወረቀት ላይ የቫይረሱ ቁጥር በሚሊዮን ተጽፎ ቢያዩ አይደንግጡ። ብዛቱ የቫይረሱ ብዛት እንጂ የጉዳቱ ልክ አይደለም፤ በተለይ በወጣትነት ዕድሜ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ብሎ ጉበቱ ጸጥ ያለ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ኤ ኤል ቲ አንድ ጊዜ ደኅና ስለ ሆነ ተሰናበትሁ ማለት አይገባም፤ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላልና ክትትል ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት የሚገባቸውን ሰዎች ክበብ አስፍቷል። ለምሳሌ የቫይረሱ ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2,000 ኢንተርናሽናል ዩኒት በልጦ ኤ ኤል ቲም ከልኩ ያለፈበት፥ ጉበቱ ጠባሳ የያዘበት፥ ኤች አይ ቪ አብሮ ያለበት፥ ወይም በቤተ ሰቡ የጉበት ካንሰር የታየበት አዋቂ ሰው ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። ዋናው መድኃኒት ቴኖፎቪር ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አያወጣውም፤ ስለዚህ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ የተኛውን መቀስቀስ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው ሥራ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን በክትትል አቅፎ፥ ይህ ሕክምና በአገራችንም መሰጠት እንደሚችል አሳይቷል።

«ቅጠል ጠጥቼ ጠፋልኝ» የሚል ሰው ያጋጥምዎ ይሆናል። ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው ከ100 ሰዎች በየዓመቱ 1 ያህሉ ምንም ሳያደርጉ ካባው ከደማቸው ይጠፋል። ያ ሰው ቅጠል ጠጥቶ እንደ ሆነ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል፤ የቀሩት 99ኙ ግን ምስክርነት አይጠየቁም። ምንነቱና ልኩ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል የታመመውን ጉበት ይባስ ሊያቆስለው ይችላል። ጸሎቱና ጠበሉ ከምርመራው ጋር ጠብ የላቸውም፤ ክትትሉን ያስተዉ እንደ ሆነ ግን ጉዳት ይሆናል። ስለ መጠጥ የተጠየቀ እንደ ሆነም መልሱ አጭር ነው፤ አረቄም ጠጅም ቢራም ለዚህ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ናቸው።

ሥራና ክብር

የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ የሚመጣባቸውን ሰው ሲያስመረምሩ፥ በመጀመሪያው መሥመር ፖዚቲቭ የሆነውን «ብቁ አይደለም» ይሉታል። ይህ የቅጥር ደንብ ነው፤ ስለ ሰውየው ጉልበትና ዕድሜ የተነገረ የሐኪም ፍርድ አይደለም። የሚያሳዝነው ስንቷ ወጣት «ጉበት አለብሽ» ከመባል በቀር አንድ ቃል ሳይብራራላት፥ የጉዞዋን ዕዳ ተሸክማ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። እንዲህ ያለች እኅት ብትኖርዎ ወረቀቷን አስይዘው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ጉዞው ቢቀርባትም በሽታው ጉበቷን ሳይጎዳ በጊዜው ማወቋ ሕይወቷን ሊያተርፍላት ይችላል።

አንድ ሰው ይህ ቫይረስ ስላለበት ከትምህርት ወይም ከጽሕፈት ቤት ሥራ የሚርቅበት የሕክምና ምክንያት የለም። የማይገባው ደም መለገስ ነው። ጥርስ ሲያስነቅል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያደርግም ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወረቀቷ ከእጅዎ የገባች እንደ ሆነ አይቅደዷት። የተመረመሩበትን ቀን ይጻፉባት፤ ከሦስቱ መሥመሮች የትኞቹ እንደ ተሞሉና የትኞቹ ባዶ እንደ ቀሩ ይመልከቱ፤ ባዶ የቀረውን ያስመርምሩ። ኔጋቲቭ ከሆኑ ክትባቱን ይጨርሱ። ፖዚቲቭ ከሆኑ ሁለተኛዋን ወረቀት ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላም ሐኪሙ በወሰነልዎ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ በየ6 ወሩ፥ እየተመለሱ ይታዩ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን ስለዚህ ቫይረስ አላወቁም ነበር፤ ምክራቸው ግን ለእርሱም ይበቃል።